ሊቀመንበሩን የማትወድ መኪና

መኪና ኖሮት የማያውቅ ሰው ካለ እንኳን ደስ ያለው። ያለው ደግሞ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይቅረብና የሆንኩትን ይስማኝ። ነዳጅ በኩፖን፣ ስኳር በቀበሌ፣ ሳቅ በድብቅ በነበረበት በዚያ ዘመን እኔ ናዝሬት ከተማ ውስጥ ጂፕ ነበረችኝ። አሮጌ ናት፤ ግን ጂፕ ናት። እርሻቸው የተወረሰባቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው የሸጡልኝ። «መሬቱ ከሄደ እሷ ምን ትሠራልኛለች?» ብለው ቁልፉን ሲሰጡኝ ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ሳይሆን እፎይታ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ መኪናዋን «ጣውንቴ» ነው የምትላት። ምክንያት አላት። ለሰርጋችን የተሰጠንን የሱፍ ምንጣፍ ከሳሎን አንስቼ፣ በመቀስ ቆራርጬ የጂፒቱን ወለል አለበስኩት። «ለእኔ ሲሚንቶ፣ ለእሷ ሱፍ!» ብላ ስንት ቀን ጨው የሌለው ሽሮ አበላችኝ። እኔ ግን ምንጣፉን ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ሕግም አወጣሁ፤ እዚያ መኪና ውስጥ ጫማ አድርጎ መግባት ክልክል ነው። ሕጉ ልጅ፣ እንግዳ፣ ሚስት አይልም። እኔም ራሴ የምነዳው በካልሲ ሲሆን ጫማዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከጎኔ አስቀምጠዋለሁ። ተሳፋሪውን «ጫማችሁን ከፊታችሁ ካለው ወንበር ሥር ግፉት» እያልኩ አስተናግዳለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ጫማቸውን ካወለቁ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የገቡ መስሏቸው አማትበዋል።

ታዲያ ይህች የተከበረች መኪና አንድ አመል አወጣች። ማመንታት ጀመረች። የግራውን ፔዳል፣ ፍሪሲዮኑን፣ ስረግጠው ግማሽ መንገድ ወርዶ ቀጥ ይላል። ማርሽ ላስገባ ስል «ግርርር» ብላ ትቆጣለች። እንደ ምንም ሲገባላት ደግሞ ትንሽ ታስብና ድንገት ዘላ ሞተሯ ይጠፋል። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ብቻዬን ስነዳት ሚዳቋ ናት፤ የሚነሳባት ቤተሰብ ሲሳፈርባት ነው። መካኒክ ጋ ስወስዳትማ፣ የታመመ ጥርስ የሐኪም በር ሲያይ እንደሚተወው ሁሉ፣ ጭራሽ ጤነኛ ትሆናለች። መካኒኩ ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞሮባት መጣና፣ «ወንድሜ፣ መኪናህ ደህና ናት። አንተ ግን እንዴት ነህ?» አለኝ። እንደገና ስሄድ ዘመቻ ሄዷል ተባልኩ። ከእኔ ለመገላገል ነው የዘመተው ብለው የሚያሙኝ ሰዎች አሁንም አሉ።

በዚህ መሐል ነው የወንድሜ የግርማ ጉዳይ የመጣው።

ግርማ ታናሼ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ደብተር አልቆበት እንኳ ካላየሁበት በስተቀር አይናገርም። አንድ ቀን መጥቶ ፊቴ ቆመና ጫማውን እያየ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለኝ። አያንቱ የምትባል አስተማሪ ወዷል። አባቷ አቶ በዳሶ አርሲ ነገሌ ላይ የታወቁ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ መጋዘናቸውን ቀበሌ እስኪወስድባቸው ድረስ። ሽማግሌ እንልካለን ብለን ብናስጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ከመጡ እሰማቸዋለሁ። ከስድስት በኋላ የሻሸመኔው መቶ አለቃ ሽማግሌዎች ቀጠሮ አላቸው።» ግርማ መልእክቱን የሰማ ዕለት ማታ እራቱን ሳይነካ ተኛ። በሕይወቱ አንድ ነገር ቢለምነኝ ይህን ነው፤ እንዴት አድርጌ አላደርስለትም?

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆኑ። አንደኛው አጎታችን ጋሼ ንጉሤ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ከባቡር ሌላ ያለውን ተሽከርካሪ ሁሉ እንደ መጫወቻ የሚያዩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ፣ የከብት ነጋዴ፣ ለእያንዳንዱ የሰው ችግር የበሬ ምሳሌ ያላቸው። ሦስተኛው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ናቸው። እሳቸውን የጨመርናቸው ወደን አይደለም። ለጉዞ የይለፍ ወረቀት ልናስጽፍ ብንሄድ፣ «ለምን ጉዳይ ነው?» አሉና ስንነግራቸው፣ «እንዲህ ያለ ታሪካዊ ተልዕኮማ ያለ እኔ አይሆንም» ብለው ራሳቸውን መረጡ። ማን ደፍሮ እንቢ ይላል?

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ጋሼ ንጉሤ በዕድሜ ስለሚበልጡ ከፊት ተቀመጡ። ጫማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አቀፉት፤ ባቡር ላይ ጫማ እንደሚሰረቅ ስለሚያውቁ ለማንም አያምኑም። ጓድ ደምሴ «ባለሥልጣን ከኋላ ነው የሚቀመጠው» ብለው በትክክል ከእኔ ጀርባ ተሰየሙ። የወታደር ከስክስ ጫማቸውን በብዙ ትግል አውልቀው፣ በሕጌ መሠረት፣ ከፊታቸው ወዳለው ወንበር ሥር ገፉት። ኦቦ ገመቹ በረባሷቸውን አጣጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማ፣ «ጣውንቴ እንዳታዋርድህ» ብላ መረቀችን።

እስከ ሞጆ እሰየው ነበር። ሞጆን አልፈን ወደ ቆቃ ቁልቁለቱን ስንወርድ ፍሬን ይዤ አንድ የጭነት መኪና አሳለፍኩና ማርሽ ልቀይር ብል፣ ግርርር! ፍሪሲዮኑ አልወርድ አለ። መኪናዋ ዘላ ቆመች። ፈጥኜ ወረድኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ኮፈን የከፈትኩት ስለማውቅ አይደለም፤ ወንድ ልጅ መኪናው ስትቆም ኮፈን ካልከፈተ ምን ይባላል? ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን እያጠለቁ ተራ በተራ ወረዱ። ጓድ ደምሴ፣ «አንዱ ጫማዬ የት ገባ?» እያሉ ወንበር ሥር ሲዳብሱ ቆይተው በመጨረሻ ወጡ።

ጋሼ ንጉሤ ሞተሩን በንቀት አዩት። «ባቡር እንዲህ የሚሆነው ከኋላው ፉርጎ ሲከብደው ነው» አሉ።

ኦቦ ገመቹ ጎማውን በዱላቸው መታ መታ አደረጉ። «በሬ እንዲህ ካደረገ ቀንበር ጎርብጦታል። ማሎ፣ ትንሽ ትረፍ!»

አሳረፍናት። ተመልሰን ስንሳፈር እንደ አዲስ ሄደች። መቂ መግቢያ ላይ ፍየሎች ሲያቋርጡ ፍሬን ያዝኩ፤ ግርርር! አሁንስ ጓድ ደምሴ ተቆጡ። እንደገና ጫማቸውን ፈልገው ወረዱና አንድ ግራር ጥላ ሥር ቆሙ።

«ጓዶች፣ በግል አስተያየት የትም አይደረስም» አሉ። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ስብሰባ እናደርጋለን። አጀንዳ አንድ፣ የመኪናዋ ማመንታት። አጀንዳ ሁለት፣ ልዩ ልዩ።»

ስብሰባ ተቀመጥን። በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ በማርሽ ሳጥን፣ በካምቢዮ ላይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ ንጉሤ ስለ ባቡር ረጅም ንግግር አደረጉ። ኦቦ ገመቹ ስለ አንድ ቡሬ በሬ ተናገሩ፤ የበሬው ታሪክ ያሳዝናል፣ ከማርሽ ጋር የሚያገናኘውን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ጓድ ደምሴ ጠቅለል አደረጉት፦ «ችግሩ የካምቢዮ ዘይት ነው የምትሉ እጃችሁን አውጡ!» ሦስት እጅ ወጣ። እኔ ድምፀ ተአቅቦ አደረግኩ። ካምቢዮው በድምፅ ብልጫ ጥፋተኛ ተባለ።

ከአንድ የቲማቲም መኪና ሹፌር ዘይት ለምነን ጨመርን። መኪናዋ ሠርታ ተነሣች። ጓድ ደምሴ ከኋላዬ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ፣ «አየህ? የጋራ አመራር ማለት ይህ ነው» አሉኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም እንደነበር የገባኝ ዝዋይ ስንደርስ ነው። እዚያ አህዮች መንገድ ዘጉብን፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ግርርር! ሰዓቴን አየሁት፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የግርማ ፊት ድቅን አለብኝ።

ጋሼ ንጉሤ ከጉዞው መጀመሪያ አንስቶ የተናቁ ስለመሰላቸው አሁን ሥልጣኑን ያዙ። «ባቡር ሲያስቸግር ፉርጎውን አንድ በአንድ እየፈቱ ነው የሚፈትሹት። ውረዱ!» አሉ። እስቲ ይሁን ብለን ፉርጎ መፍታት ጀመርን። መጀመሪያ ኦቦ ገመቹ ወረዱ። ትንሽ ሄጄ ቆምኩና ማርሽ ሞከርኩ፤ ግርርር። ጋሼ ንጉሤ ወረዱ፤ ግርርር። በመጨረሻ እነሱን መልሼ አሳፍሬ ጓድ ደምሴን አወረድኩ። ጫማቸውን ሲፈልጉ ቆዩ፣ አገኙ፣ ወረዱ። መኪናዋ ቅቤ ሆነች! ሄድኩ፣ ቆምኩ፣ ወደ ኋላ መለስኩ፤ ማርሹ ያለ ድምፅ ይገባል። እርግጠኛ ለመሆን ጓድ ደምሴን መልሰን አሳፈርናቸው። ጥቂት ሄጄ ፍሬን ያዝኩ። ግርርር!

ሐይቁ ላይ አንድ ወፍ ጮኸ።

«ጓድ» አሉኝ ጓድ ደምሴ ቀስ ብለው፤ «ይህች መኪና የምትቃወመው ማንን ነው?»

በድንጋጤ ወደ ኋላ ዞርኩ። አትሳቁ፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር የታሰረ ሰው አውቃለሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ መኪና እኮ ናት፣ ንቃት የላትም» አልኩ። እሳቸው ግን የመጀመሪያ ባለቤቷ ማን እንደነበረ ጠየቁኝ። እርሻቸው የተወረሰባቸው ሰው ናቸው ብዬ ስመልስ ራሳቸውን ረጅም ጊዜ ነቀነቁ። ለካስ አድኃሪ መኪና ነው የምነዳው!

ያዳኑኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ዱላቸውን ጣሪያው ላይ ወዳለው የዕቃ መጫኛ፣ ወደ ፖርቶመጋላው ቀስረው፣ «ውስጥ ካልወደደችህ ላይ ትሞክርህ» አሏቸው።

«እኔ? ጣሪያ ላይ? እንደ ሽንኩርት?»

«ሰዓቱ እየሄደ ነው» አሉ ጋሼ ንጉሤ። «እጅ እናውጣ። ጓድ ሊቀመንበር ጣሪያ ላይ ይውጡ የምትሉ?»

የጋሼ ንጉሤ እጅ ወጣ። የኦቦ ገመቹ ከነዱላቸው ወጣ። የእኔ እጅ በራሱ ጊዜ፣ እኔን ሳያማክር፣ ቀስ እያለ ወጣ። ጓድ ደምሴ ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን። እኚህ ሰው በየስብሰባው፣ ወንበሩን እየመቱ፣ «አናሳው ድምፅ ለብዙኃኑ ይገዛል!» እያሉ ስንት ዓመት አስተምረውናል። አሁን በራሳቸው ላይ መጣ። ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ከስክሳቸውን እንዳደረጉ ወደ ጣሪያው ወጡ። ለእውነቱ ከሆነ፣ ቃሉን እንዲህ የጠበቀ ባለሥልጣን ከዚያ በኋላ አላየሁም። ኦቦ ገመቹ የሚቀመጡበት ጋቢ አቀበሏቸው።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! መኪናዋ ክንፍ አወጣች። አዳሚ ቱሉ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበርና ሰው ሥራውን ትቶ ወደ መንገዱ ወጣ። ጣሪያ ላይ ኮት የለበሰ ሰው ሲያይ ከአዲስ አበባ የመጣ ትልቅ ጎብኚ መሰለው መሰለኝ፣ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላው ተከተለው። ቀጥሎ ባዘነበለው የጎን መስታወት የግራ ቡጢያቸው ከፍ ሲል አየሁ። ትንሽ ቆይቶ በተረከዛቸው ጣሪያውን ደበደቡና፣ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ሕዝቡ ይየን!» አሉኝ። አንድ አውቶቡስ ሲቀድመን ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ተንጠልጥሎ አያቸው፤ እሳቸውም ለአውቶቡሱ እጃቸውን አውለበለቡ። ጋሼ ንጉሤ ጫማቸውን አፋቸው ላይ ደፍነው እየተንፈራፈሩ ይስቃሉ። እኔም መሪውን ነክሼ ልሞት ነበር።

ቡልቡላ ኬላ ላይ ደስታችን አለቀ። ጥበቃው ቀና ብሎ አየና፣ «ሰው ጣሪያ ላይ መጫን ክልክል ነው፤ አውርዱት» አለ። ጓድ ደምሴ፣ የቀደመን አውቶቡስ ለፍተሻ ቆሞ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ ለሽምግልና የሚሄዱ የናዝሬት ሊቀመንበር መሆናቸውን ነገሩት፤ ነገር ግን የናዝሬት ሊቀመንበርነት ከሞጆ ወዲያ ዋጋ የለውም። ወርደው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ገብተው ከኋላዬ ተቀመጡ። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ፈቃድ ለመቀበል ቆምኩ፤ ልነሳ ስል ግርርር! ኬላው መሐል ላይ ተገተርን። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ጥሩንባውን ለቀቀው። ሰዓቴ አምስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ጥበቃው፣ «ግፉና መንገዱን ልቀቁ!» ብሎ ጮኸብን። ጓድ ደምሴ በጥድፊያው የሚዳብሱበት ጊዜ አጡ፤ አንዱን ከስክስ አግኝተው አጠለቁ፣ በሌላው እግራቸው በካልሲ ወርደው መግፋት ጀመሩ።

የእኛ ድንጋጤ ጥበቃውን አጠራጠረው። ምስኪን፣ ከድሬዳዋ የመጣ ኮንትሮባንድ ደብቀን የሸሸን መሰለው። አቆመንና ፍተሻ ጀመረ። ሁሉንም ካገላበጠ በኋላ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፍቶ፣ ተንበርክኮ፣ እጁን ፔዳሎቹ ሥር ሰደደ። ስቦ፣ ታግሎ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ከስክስ ጫማ አወጣና ወደ ላይ ከፍ አደረገው።

«ይህን እዚህ ምን ብላችሁ ደበቃችሁት?» አለ። «ጓደኛውስ የት አለ?»

ሁላችንም ቀስ ብለን ዞርን። ጓደኛው በጓድ ደምሴ ግራ እግር ላይ ነበረ።

ገብቼ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩት፤ እስከ ወለሉ ወረደ። ማርሽ አስገባሁ፤ ያለ ድምፅ ገባ። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ በራልኝ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ጫማው ከወንበሬ ሥር ተንሸራቶ እየመጣ ፍሪሲዮኑ ሥር ይገባል። ችግሩን ለመመርመር በወረድን ቁጥር ደግሞ ባለቤቱ ያወጣውና ይጫማዋል። ዝዋይ ላይ ሳወርዳቸው ጥፋተኛው አብሯቸው ወረደ። ጣሪያ ላይ ሲወጡ አብሯቸው ወጣ። መካኒክ ጋ ብቻዬን ስሄድ ደግሞ የልጆቼ ጫማ የለም። ካምቢዮው ንጹሕ ነው። መኪናዋም ማንንም አትቃወምም፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ጓድ ደምሴ ጫማቸውን ከጥበቃው ተቀብለው አሰሩት። ቀና ብለው አዩንና፣ «ይህ ጉዳይ በቃለ ጉባኤ አይያዝም» አሉ።

«ይግቡ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኳቸው፤ «ጫማዎን እንዳደረጉ።» ከስክሱ የሰርጌን ምንጣፍ ሲረግጠው ልቤን የረገጠኝ ያህል ተሰማኝ። ግን ግርማ ይበልጥብኛል።

ነዳሁ። አቤት አነዳድ! ቢሆንም ኬላው ነገሩን አጣርቶ እስኪለቀን ብዙ ጊዜ ሄዶ ነበርና አርሲ ነገሌ ስንገባ ስድስት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። አቶ በዳሶ በር ላይ ስንደርስ የጦር ሠራዊት ታርጋ የለጠፈ መኪና ከግቢው ሲወጣ ተገናኘን። ውስጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች አሉ። አለቀ አልኩ። ለግርማ ምን ብዬ እንደምነግረው ማሰብ ጀመርኩ፤ እንባዬ መጣ።

ገብተን እንደ ወጉ ቆምን። «ካልፈቀዱልን አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ንጉሤ፤ ድምፃቸው ግን ተስፋ የለውም። አቶ በዳሶ ረጅም፣ ፊታቸው የማይነበብ ሰው ናቸው። አንድ በአንድ አዩን። ጓድ ደምሴ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆየ። «ዘገያችሁ» አሉ። ቀጠሉና፣ «ቁጭ በሉ። ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ።

ተያየን። ኦቦ ገመቹ እንኳ የበሬ ምሳሌ ጠፋባቸው። ምሳ ቀርቦ፣ ምርቃቱ ተጀምሮ ጓድ ደምሴ ስለ ትዳርና ስለ አብዮት ንግግር ሲያደርጉ፣ አቶ በዳሶ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ፊታቸው ተፈታ።

«አውቶቡስ ነው ቀድሟችሁ ወሬውን ያመጣው» አሉኝ በሹክሹክታ። «የናዝሬት ሽማግሌዎች ሊቀመንበር ጣሪያ ላይ ጭነው እየመጡ ነው ሲሉኝ አላመንኩም። ከቡልቡላ የመጣ ሁለተኛ ሰውም መሰከረ። የእኔን መጋዘን የወሰዱት ሰዎች እኮ አንድ ቀን እንኳ ከወንበራቸው ተነሥተው አያውቁም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካገኘሁ መቶ አለቃ ምን ያደርግልኛል? እነዚያን በቡና ሸኘኋቸው።» ወዲያው እጄን ጠበቅ አደረጉት። «ጥሎሽ አልጠይቃችሁም። አንድ ነገር ብቻ፤ ስትመለሱ እሳቸውን ላይ አውጥታችሁ በእህል ገበያው በኩል እለፉልኝ። ነጋዴው ሁሉ ወጥቶ ይጠብቃል።»

ይህን ለጓድ ደምሴ በምን አፌ እነግራቸዋለሁ? መኪናዋ ድናለች፣ ጣሪያ የሚያስወጣ ምክንያት የለም። ልሙት ብል ይሻለኛል እያልኩ፣ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ እግሬን እየጎተትኩ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ጓድ ደምሴ ንግግራቸውን ጨርሰው ቀድመውን ወጥተው ነበር። ፖርቶመጋላው ላይ፣ በኦቦ ገመቹ ጋቢ ላይ ተመቻችተው፣ ኮታቸውን አራግፈው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አለስልሰው ተቀምጠዋል።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «እዚህ ነፋሱ ይሻለኛል። በገበያው በኩል ንዳ፤ ቀስ ብለህ!»